ስቶክሆልም ላለችው ልጄ የድሬዳዋ ዛፍ ዘር አልበቅል አላት

የታቦሯ እናት (ሐዋሳ)፣ ጥር 24

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ እናንተ የምትጽፉትን አንብቤ ነው የምወጣው። አሁን ግን የራሴ ጥያቄ አለኝ።

የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ አጠገብ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተማሪ ነበርኩ። ግቢዬ ውስጥ አንድ ትልቅ የድሬዳዋ ዛፍ አለ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ልጃችን በተወለደች ዓመት የተከለው ነው። ልጄ እሱ ሥር ነው ዳዴ ያለችው፣ እሱ ሥር ነው ለፈተና ያጠናችው። ሲያብብ ግቢው በሙሉ ይቀላል። ፍሬው ሲደርቅ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ያንን ረጅም ቡናማ ፍሬ እንደ ጎራዴ ይዘው ይሯሯጣሉ። ሲወዘውዙት ዘሩ ውስጡ ሿ ሿ ይላል።

ልጄ ስቶክሆልም ከሄደች 2 ዓመት አለፋት። ስትሄድ ከዛፉ ሥር የለቀመችውን ዘር በፖስታ አድርጋ ሻንጣዋ ውስጥ ከታው ነበር። ከመንገድ ዳር የለቀመችው የጃካራንዳ ዘርም አብሮ ነበረበት። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ደወለችልኝና «እማዬ፣ ጨለማው ከበደኝ፣ ዘሩን ልዝራውና አንድ የቤታችን ነገር አጠገቤ ይብቀል» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ።

10 የድሬዳዋ ዛፍ ዘር በአንድ ቫዞ ዘራች። መስኮት ላይ አስቀመጠችው። በየቀኑ ውሃ ታጠጣለች። 5 ሳምንት ሙሉ ምንም የለም። በመጨረሻ በማንኪያ ቆፍራ አወጣችውና በቪዲዮ አሳየችኝ። ስምንቱ ከፖስታው እንደወጡ ናቸው። ጠጠር ናቸው። ሁለቱ ግን በጣቷ ስትጫናቸው ፈረጡ፣ ይሸታሉ አለችኝ።

ጃካራንዳው በቅሎላት ነበር። ሰባት በቀለ ብላ በሌሊት ቀሰቀሰችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ችግኞቹ እንደ ክር ቀጥነው ይረዝሙ ጀመር። ሁሉም ወደ መስኮቱ አጎነበሱ። አንድ ጠዋት ስትነሳ አራቱ አፈሩ ላይ ተኝተዋል። «ስልኩን አስጠጊልኝ» አልኳት። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው። ግንዱ ግን ልክ ከአፈሩ በሚወጣበት ቦታ ላይ ቡናማ ሆኖ፣ ሰው በጥፍሩ የቆነጠጠው ይመስላል። በሦስተኛው ቀን የቀሩትም ተከተሉ።

«እማዬ፣ እጄ ለተክል አይሆንም መሰለኝ» አለችኝ። የእሷ ድምፅ ነው እንድጽፍላችሁ ያደረገኝ።

እኔ ምን እንደምላት አላውቅም። እዚህ እኮ ማንም አይዘራውም፣ ራሱ ነው የሚበቅለው። ዝናብ ሲዘንብ ከዛፉ ሥር እንደ አረም ነቅዬ ነው የምጥለው። ታዲያ እዚያ ምን ሆኖ ነው እምቢ ያለው? ዘሩ ሞቶ ነው? ቤት ውስጥስ አድጎ አበባ ይሰጣል? ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ። ትኩስ ዘር፣ የሂቢስከስና የቡገንቪሊያም ዘር ፈልጌ ልላክላት ወይ?

ችግኝ አፍይ (አዳማ)፣ ጥር 24

እናቴ፣ ሰላም ነዎት? እኔ አዳማ ችግኝ ጣቢያ ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። ስለዘሩ ብቻ ልናገር፣ የብርዱን ነገር የሚያውቅ ይጨምርበት።

ስምንቱ ዘር አልሞተም። ተኝቷል። የድሬዳዋ ዛፍ ዘር ልባሱ ውሃ አያስገባም። አምስት ሳምንት ቀርቶ አምስት ወር ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ላይነካው ይችላል። እርስዎ ግቢ ውስጥ ዘሩ ፀሐይ ይመታዋል፣ ዝናብ ያርሰዋል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ሰው ይረግጠዋል፣ ጠጠር ይቧጭረዋል። አንድ ቀን ልባሱ ይሰነጠቅና ውሃ ይገባዋል። እርስዎ የሚነቅሉት ያን ዕድል ያገኘውን ነው። ያላገኘው ብዙ ዘር አሁንም አፈሩ ውስጥ አለ።

እኛ ጣቢያ ብዙ ስለምንዘራ ውሃ አፍልተን ከእሳት እናወርድና ዘሩን እንጨምርበታለን። እዚያው እየበረደ 24 ሰዓት ያድራል። የግራር ዘርም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ለጥቂት ዘር ግን ይሄ አያስፈልግም። አንዳንዱን ዘር ሊቀቅለውም ይችላል። ልጅዎ የጥፍር መቁረጫ አላት አይደል? እሱ ይበቃል።

ዘሩን እያገላበጠች ትየው። አንደኛው ጫፉ ላይ ከፍሬው ጋር ተያይዞ የነበረበት ትንሽ ምልክት አለ። ሥሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ስለሆነ እዚያ አትንካው። በተቃራኒው ጫፍ ላይ ልባሱን ብቻ፣ እንደ ጥፍር ጫፍ፣ ቅንጥስ ታድርገው። ከቡናማው ሥር ነጣ ያለ ነገር ብቅ ሲል ማቆም ነው። ከዚያ በላይ ከገባች ፅንሱን ትቆርጠዋለች። የጥፍር ሞረድም ካላት እየፈተገች እዚያው ድረስ መድረስ ትችላለች። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይደር።

ጠዋት ስታየው ያበጠ ይኖራል። እጥፍ ያህል ይሆናል፣ ልባሱም ይለሰልሳል፣ ሲነኩት ያሟልጫል። እሱ ለመዘራት ደርሷል ማለት ነው። ያላበጠ ካለ መቁረጫው አልደረሰበትም፣ እንደገና ይነካ። ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ይዘራ፣ በቃ።

የፈረጡት ሁለቱ ልባሳቸው ቀድሞ ተሰንጥቆ የነበረ ይመስለኛል። ውሃ ገባቸው፣ ግን አፈሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ሳይበቅሉ በሰበሱ።

ጀማሪ አትክልተኛ (አዲስ አበባ)፣ ጥር 25

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። ዘሩ 2 ዓመት ፖስታ ውስጥ ቆይቷል አይደል? አርጅቶ ቢሆንስ?

ችግኝ አፍይ (አዳማ)፣ ጥር 25

የድሬዳዋ ዛፍ ከሆነ 2 ዓመት ምንም አይደለም። ያው ጠንካራ ልባሱ ነው የሚጠብቀው። እርጥበት ካላገኘው ብዙ ዓመት ይቆያል። የጃካራንዳ ዘር ስስ ነው፣ እንደ ወረቀት ክንፍ አለው፣ እሱ ነው ቶሎ የሚደክመው። የእርሳቸው ልጅ ጃካራንዳም በቅሎላታል። ስለዚህ ዘር አይደለም ችግሩ።

ከኡፕሳላ የተመለስኩ (ሐዋሳ)፣ ጥር 25

እትዬ፣ ጽሑፍዎን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ክረምት ትዝ አለኝ። እኔ ኡፕሳላ 9 ዓመት ኖሬያለሁ፣ ከስቶክሆልም ትንሽ ወደ ሰሜን ነው። አሁን ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ነኝ። እዚያ ሳለሁ መስኮቴ ላይ ከዘር ያላፈላሁት የሞቃት አገር አበባ የለም ማለት ይቻላል። ብዙም ገድያለሁ። ስለዚህ እባክዎ ለልጅዎ መጀመሪያ ይህን ይንገሩልኝ፦ እጇ ምንም አልሆነ። የዘራችበት ወር ነው የጎዳት። ኅዳር ላይ እዚያ አገር ማንም ቢዘራ ያው ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅዎ እንጀራ ትጋግራለች?

ይሄን የምጠይቀው በምክንያት ነው። እኔ በሄድኩ በመጀመሪያው ዓመት ሊጥ አቡክቼ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ምንም የለም። በአምስተኛው ቀን ሽታው ተበላሸ፣ ደፋሁት። ሁለተኛውም እንዲሁ። ከዚያ ከእኔ በፊት የመጣች ሐበሻ ጎረቤቴ ቤቴን እየዞረች በእጇ ዳሰሰችልኝ። መስኮቱን፣ ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውን። ፍሪጁ አናት ላይ ያለው ቁም ሳጥን ላይ ስትደርስ «እዚህ ነው» አለችኝ። ከፍሪጁ ጀርባ የሚወጣው ሙቀት ሽቅብ ሄዶ እዚያ ይጠራቀማል። ሊጤን እዚያ አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ቀን ኩፍ ብሎ ጠበቀኝ።

ዘርም ያው ነው፣ እትዬ። እዚያ አገር ያለ ሐበሻ ሁሉ ቤቱ ውስጥ ሊጥ የሚቦካበትን ቦታ ያውቃል። ልጅዎ ሊጧን የምታስቀምጥበት ቦታ የዘሩም ቦታ ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ዘር እስኪበቅል ድረስ ብርሃን አይፈልግም። ሙቀት ነው የሚፈልገው፣ ያውም ከሥር። አፈሩ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆንለት ጥሩ ነው።

«ቤቷ እኮ ይሞቃል» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ቤቱ 20 እና 21 ዲግሪ ነው። ግን የሰው ክፍልና የቫዞ አፈር ይለያያል። እኔ አንድ ጊዜ የምግብ ቴርሞሜትር ገዝቼ መስኮት ላይ ያለው ቫዞ ውስጥ ሰካሁት። ሌሊት ላይ 14 አሳየኝ። ደነገጥኩ። መስታወቱ አጠገብ ብርድ አለ። እርጥብ አፈር ደግሞ ውሃው በተነነ ቁጥር ራሱን ያቀዘቅዛል። ቁም ሳጥኑ ላይ ያው ቫዞ 25 ደረሰ። ቦታ ካጣች ለችግኝ ተብሎ የሚሸጥ ከሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ያለው ቢሆን ይሻላል። ቫዞውን ግን በቀጥታ ራዲያተር ላይ እንዳታስቀምጠው። እዚያ ቤቶች ራዲያተሩ ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ ሥር ነው ያለው፣ ከታች ያደርቃል፣ ከጎን መስታወቱ ያበርዳል። ተክሉ በሁለቱ መሃል ይሰቃያል።

ቫዞውን በላስቲክ ትሸፍነው። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ጭቃ ግን አይሁን። በየቀኑ ማጠጣት የለም። በየቀኑ ማየት ነው። ምክንያቱም ብቅ ባለ ቀን፣ በዚያው ቀን፣ ከቁም ሳጥኑ ወርዶ ብርሃን ማግኘት አለበት። ነገ ማለት አይቻልም። አንድ ቀን በጨለማ ካደረ ያንን ክር የመሰለ አንገት ያወጣል።

ጃካራንዳዎቹ እንደ ክር የሆኑት ለዚህ ነው። እኛ ሐዋሳ ከዓመት ዓመት 12 ሰዓት ያህል ብርሃን አለን። ስቶክሆልም በታኅሣሥ ቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነው። እሱም ፀሐይዋ ከቤቶቹ ጣሪያ ብዙም ከፍ ሳትል የምትጠልቅበት 6 ሰዓት ነው። ብዙውን ቀን ደግሞ ደመና ነው። ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ነው የሚሮጠው። ሲሮጥ ግንዱን ለማወፈር ጊዜ የለውም። ስለዚህ ተራም ቢሆን ነጭ ኤል ኢ ዲ መብራት ትግዛ። ከችግኙ አናት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ትስቀለው። በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራ። ራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሶኬት አለ፣ ርካሽ ነው፣ ከመርሳት ያድናል።

አሁን ስለዚያ የተቆነጠጠ ወገብ። ስልኩን አስጠጊ ብለው ማየትዎ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ያ ምልክት አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው። አፈሩ ውስጥ ያለ ፈንገስ ነው። ብርድ፣ ብዙ ውሃና የታፈነ አየር አንድ ላይ ሲገናኙ ይነሳል። ግንዱን ከአፈሩ ጋር እኩል ይበላዋል፣ ላዩ ገና አረንጓዴ ሆኖ ይወድቃል። አንዴ ከወደቀ አይድንም። ያን አፈር ትጣለው፣ ቫዞውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ትጠበው። ለሚቀጥለው ለዘር ተብሎ የሚሸጠውን ቀለል ያለ አፈር ትግዛ፣ ፐርላይት የሚባሉ ነጫጭ ቀላል ጠጠሮች የተቀላቀሉበትን። ውሃ ከላይ አታፍስስ። ቫዞውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ታስቀምጠው፣ አፈሩ ከሥር ይጠጣ፣ ከዚያ የተረፈውን ታፍስሰው። ችግኙ ብቅ ሲል ላስቲኩ ይነሳ። ትንሽ ማራገቢያ ካላት ከሩቅ ብታበራለት ሁለት ጥቅም አለው፤ አፈሩ ላይ አየር ይንቀሳቀሳል፣ ግንዱም እየተወዛወዘ ይጠነክራል።

ዘሩ ከተረፋት አሁን አትቸኩል። የካቲት መጨረሻ ላይ ትዝራ። መጋቢት 11 ግድም የስቶክሆልም ቀን ከእኛ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ በኋላ እንዲያውም ይበልጠናል፣ በሰኔ ከ18 ሰዓት በላይ ይደርሳል። ችግኙ ሽቅብ ከሚወጣ ብርሃን ጋር አብሮ ያድጋል። በኅዳር የተዘራ ወደ ጨለማው ነው የሚወርደው።

የምነግርዎት አንድ የማያስደስት ነገር አለ። አበባውን አትጠብቅ። የድሬዳዋ ዛፍ እዚህ በሜዳ ላይ እንኳን ከዘር ተነስቶ ለማበብ ቢያንስ አምስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ይበልጣል። በቫዞ፣ በሰሜን አገር መስኮት ላይ አበባ ያወጣል ብዬ ልዋሽዎት አልችልም። የእኔው 6 ዓመት ኖሯል። በየክረምቱ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በጸደይ እንደገና ያወጣል። አንድም ቀን አላበበም። ግን ያ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ቅጠል መስኮቴ ላይ ሲዘረጋ ሐዋሳን አየው ነበር። ለጎረቤቴ ሰጥቻት ነው የመጣሁት።

ወደ በረንዳ ማውጣት ካማራት ሰኔ ይግባ። እኔ ፍራንጂፓኒዎቼን፣ እነዚያ ሲቆረጡ ወተት የሚያወጡትን፣ ግንቦት ላይ ቀኑ ሲሞቅልኝ አወጣኋቸው። ሌሊቱ ከዳኝ። ሦስቱንም ጠዋት ጥቁር ሆነው አገኘኋቸው። ሦስት ዓመት ያሳደግኳቸው ነበሩ። ሌሊቱ ከ12 ዲግሪ በላይ መሆኑን ሳታረጋግጥ አታውጣ።

ዕፅዋት ያጠናሁ (ሐዋሳ)፣ ጥር 26

እማማ፣ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ እዚሁ ሐዋሳ ግብርና ኮሌጅ ነው የተማርኩት። የቀረውን ልመልስ።

በሰው እጅ ዘር ለመላክ ያሰቡትን እባክዎ ይተዉት። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 4 ቀን 2012 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 14 ቀን 2019 መሆኑ ነው፣ ከውጭ ለሚገባ ዘርና ችግኝ የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በሻንጣ ለሚያዝ ጥቂት ዘርም ጭምር ነው። ወረቀቱ ከዚህ ከግብርና መሥሪያ ቤት ተመርምሮ የሚሰጥ ነው። አናናስ፣ ሙዝ፣ ቴምር፣ ኮኮናትና ዱሪያን የሚባለው ፍሬ ብቻ ናቸው ነፃ የተደረጉት። ሕጉ የወጣው በዘር ውስጥ ተደብቆ የሚሄድ በሽታና ተባይ ስላለ ነው። ያ ሰው ኤርፖርት ላይ ቢያዝ ለእርስዎም ለእሱም ጥሩ አይሆንም። ልጅዎ በቀራት ዘር ትሞክር። ካለቀባትም እዚያው ኅብረቱ ውስጥ ካሉ ዘር ሻጮች የድሬዳዋ ዛፍ ማግኘት ትችላለች። በድሬዳዋ ስም ብንጠራውም የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ነው፣ በዓለም ሁሉ ይሸጣል።

ሂቢስከስና ቡገንቪሊያን ከዘር ማሰብ አያስፈልግም። በየግቢያችን ያሉት ዘር እምብዛም አይሰጡም፣ እኛም ከቁራጭ ነው የምናባዛቸው። ሂቢስከስ ስዊድን ውስጥ በቫዞ የሚሸጥ የተለመደ የመስኮት አበባ ነው። አንድ ትግዛና ትደሰትበት።

አሁን ደግሞ እኔን ደስ የሚለኝ ጉዳይ። ልጅዎ በዚሁ ዓመት አበባ ማየት ከፈለገች ከምሥራቅ አፍሪካ የሄዱ ሁለት ተክሎች አሉ፣ ፈረንጆቹ በየዓመቱ ቤት ውስጥ ከዘር የሚያፈሏቸው። አንደኛው ቱንበርጂያ ነው። አጥር ላይ የሚጠመጠመው፣ ዙሪያው ብርቱካንማ፣ መሃሉ ጥቁር ዓይን ያለው። ዘሩን አንድ ቀን ነክራ ብትዘራው በሁለትና በሦስት ሳምንት ይበቅላል። መጋቢት ላይ የተዘራ በበጋቸው ያብባል። ሁለተኛው ኢምፔሸንስ የሚባለው ነው። ይሄኛው የእኛው የእንሶስላ ዘመድ ነው። እርስዎ በልጅነትዎ እጅዎን ያቀሉበት ያው እንሶስላ። ዘሩ በጣም ደቃቅ ነው። ከድሬዳዋ ዛፍ ጋር ፍጹም ተቃራኒ መሆኑን ልብ በሉ፤ እሱ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። አፈር አይለበስም፣ ላዩ ላይ ተነስንሶ በጣት ጫን ይደረጋል። ሁለት ወር ተኩል ቢሆነው አበባ ይዟል።

ሌላ አንድ አለ፣ አዴኒየም። በቆላማው አገራችን ድንጋይ መሃል የሚበቅለው፣ ግንዱ ከታች እንደ ጠርሙስ ያበጠው፣ አበባው ሮዝ። ትኩስ ዘሩ ሙቀት ካገኘ በሳምንት ይበቅላል። በቫዞ መኖር ይወዳል፣ የማሞቂያውን ደረቅ አየር ከሌሎቹ ይልቅ ይችለዋል። በክረምት ውሃ በጣም ይቀነስለት። ወተቱ ግን መርዝ ነው፣ ሕፃን ወይም ድመት ያለበት ቤት ከሆነ ይቅር።

የታቦሯ እናት (ሐዋሳ)፣ ጥር 27

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ጽሑፋችሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በስልክ አነበብኩላት። ዘር ላስይዘው ለነበረው ሰውም ደውዬ ቀርቷል አልኩት። ሕጉን አላወቅሁም ነበር፣ ከእንግዲህ አላደርገውም።

ከኡፕሳላ የተመለስሽው እህቴ፣ ስለ ሊጡ የጻፍሽውን ሳነብላት ዝም አለች። ከዚያ «መታጠቢያ ቤት ነው የማስቀምጠው፣ ወለሉ ይሞቃል» አለችኝ። ሊጡን እዚያ ማስቀመጥ ማን እንዳስተማራት ብጠይቃት ራሷ ናት በባዶ እግሯ እየዞረች ያገኘችው። ስድስት ዘር ፖስታው ውስጥ ቀርቷታል። የካቲት 22 ልትዘራ ተነጋግረናል።

የታቦሯ እናት (ሐዋሳ)፣ መጋቢት 20

እንደገና መጣሁ። የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ስድስቱን ዘር በጥፍር መቁረጫ ቀነጠሰቻቸው። እኔ በቪዲዮ እያየሁ ነበር። የመጀመሪያው ከእጇ አምልጦ አልጋ ሥር ገባ፣ ፈልጋ አገኘችው። ነክራ አሳደረችው። ጠዋት አምስቱ አብጠዋል። አንዱ ጠጠር እንደሆነ ነው፣ ችግኝ አፍይ እንዳልከው እንደገና ነካችው፣ እሱም በማግስቱ አበጠ። በየካቲት 22 ዘርታ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ፣ ከሊጡ ባልዲ አጠገብ አስቀመጠችው። ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ ማታም ከመተኛቷ በፊት ታየዋለች።

በዘጠነኛው ቀን ደወለች። አንገቱ እንደ ቀለበት ታጥፎ አፈሩን ገፍቶ ወጥቷል። እስከ ማታ ቀጥ አለ። ሁለት ወፋፍራም ቅጠሎች፣ በመሃላቸው ደግሞ ያ ላባ የመሰለው ትንሹ ቅጠል እንደታጠፈ። እኔ በሕይወቴ ያን ያህል ቀርቤ አይቼው አላውቅም፣ ስነቅለው ነው የኖርኩት። በጠቅላላው አራት በቅለዋል። አንዱ በሰበሰ፣ አንዱ እምቢ አለ። አራቱም መብራት ሥር ናቸው፣ ግንዳቸው አጭርና ወፍራም ነው። ቱንበርጂያም ገዝታ ዘርታለች፣ እሱም ብቅ ብቅ እያለ ነው።

አሁን አዲስ ጭንቀት መጥቷል። ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ መብራቱ ጠፍቷል። በስልኳ ብርሃን ስታያቸው የአራቱም ቅጠል ተጣጥፏል። ጥንድ ጥንዱ ተገጥሟል። ጠዋት ግን ተዘርግተው አገኘቻቸው። ዛሬም እንዲሁ ሆነ። ውሃ አንሷቸው ነው? በሽታ ነው? መብራቱን ሌሊቱን ሙሉ ላብራላቸው ትላለች።

ችግኝ አፍይ (አዳማ)፣ መጋቢት 20

እናቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ከስድስት አራት ጥሩ ነው፣ እኛም ጋ ከዚያ ብዙ አይበልጥም።

በሽታ አይደለም። ተኝተው ነው። የድሬዳዋ ዛፍ ሲመሽ ቅጠሉን ያጥፋል፣ ሲነጋ ይዘረጋል። ግራርም እንዲሁ ነው። ጤነኛ ስለሆኑ ነው የሚያጥፉት። መብራቱ ሌሊት ይጥፋ፣ እንዳታበራባቸው። ይተኙ።

የታቦሯ እናት (ሐዋሳ)፣ መጋቢት 21

መልስህን ካነበብኩ በኋላ ባትሪዬን ይዤ ወደ ግቢ ወጣሁ። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ አበራሁበት። እውነትህን ነው፣ ሁሉም ታጥፏል። ይሄ ዛፍ ግቢዬ ከቆመ ስንት ዓመቱ ነው፣ ማታ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። እሷም የእሷን ላከችልኝ።